ዳለቻ የጾመበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን ከገበያ ስመለስ አንድ ባለጋሪ እርጥብ የማሽላ አገዳ ሲያራግፍ አጠገቡ ደረስኩ። ሽታው እግሬን ያዘው። ይህን ሽታ ለማያውቅ ሰው መንገር ያስቸግራል፤ ላይ ላዩን ጣፈጥ ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ጉሮሮ የሚነካ ምሬት አለው። እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ባለጋሪው በትሕትና «አባባ፣ ይለፉ እንጂ» አለኝ፤ ለካ መንገዱን ዘግቼበት ኖሯል። እሺ ብዬ አለፍኩ። ልቤ ግን ያን ጊዜ ከአዴ ሞሚና ደጅ ደርሶ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አልይዘውም። ትምህርቴም ያን ያህል አይደለም፤ ጥቂት ክፍል ቆጥሬ ነው የተውኩት። ያን ክረምት የማውቀው በሌላ ምልክት ነው። የፍልሰታ ጾምና ረመዳን የገጠሙበት ክረምት ነበር። ከተማችንን ያኔ አሰበ ተፈሪ እንላት ነበር፤ ጭሮ የሚሏት ገበሬዎቹ ነበሩ። በምሥራቅ የነበረው ጦርነት አልፎ፣ ወደ ሚኤሶ የሚወርዱት መኪናዎች ከወታደር ይልቅ እህልና ሰው መጫን የጀመሩበት ጊዜ ነው። አባቴ ለሥራ ድሬዳዋ ነበር። ቤት የነበርነው እናቴ፣ እኔና የእናቴ ወንድም አጎቴ ይልማ ነን። አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር።

ዳለቻ ደግሞ በሬ ነው። ስሙን ያገኘው ከአመድማ ቀለሙ ነው። የእናቴና የአዴ ሞሚና የጋራ ነበር፤ እናቴ ገዛችው፣ አዴ ሞሚና ያደልቡታል፣ ሲሸጥ እኩል ይካፈላሉ። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ሽርክና የተለመደ ነው። አዴ ሞሚና፣ አዴ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ነው፣ ከከተማው ወረድ ብሎ፣ በሚኤሶ መንገድ ዳር የሚኖሩ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ዘሃራ፤ የኔ እኩያ። ከቤታቸው ጀርባ አንድ የማሽላ ማሳ አለቻቸው። ፍሬዋ የእሳቸውና የዘሃራ የዓመት ምግብ ነው፤ ማሳው ሲሳሳ የሚነቀለውና የሚገፈፈው ቅጠል የዳለቻ ቀለብ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ፣ ዝም ብለህ ከምትዞር እየወረድክ በሬውን አጉርስ አለችኝ። የሐረርጌ ድልብ በሬ እንደ ሌላው አገር በሬ ሜዳ ተለቅቆ አይግጥም። ደጅ ታስሮ፣ ሰው ፊቱ ቁጭ ብሎ በእጁ ያጎርሰዋል። ቅጠሉን አጥፈህ በጡጫህ ትጨብጥና ከምላሱ ላይ ታኖርለታለህ። ምላሱ እንደ ሞረድ ይፍቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ሲነካኝ እሪ ስል ዘሃራ ሳቀችብኝ። ሳይጎርስ በፊት ግን ያሸታል። እያንዳንዷን ጉርሻ ያሸታል። ትንፋሹ አንጓዬ ላይ ሲሞቅ ይሰማኛል። እኔ ሰላም የሚለኝ ይመስለኝ ስለነበር፣ ማንም ሳያየኝ በየጉርሻው «እግዚአብሔር ይመስገን» እለው ነበር።

ከዘሃራ ጋር የምንጣላው በዳለቻ ሃይማኖት ነበር። የገዛችው እናቴ ናት፣ ክርስቲያን ነው እላለሁ። እሷ ደግሞ የማን ቤት ነው የሚበላው፣ የእኛ ነው ትላለች። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ ከፊቱ እስከ ወገቡ የኔ፣ ከወገቡ ወዲያ የእሷ እንዲሆን ተስማማን። ወዲያው ደግሞ እንግዲያው እበቱን የምትዝቂው አንቺ ነሽ አልኳት። ስምምነቱ በዚያው ቀን ፈረሰ።

እንግዲህ ዝናቡ ሰኔ ላይ መጥቶ ማሽላውን ጉልበት ድረስ ካሳደገ በኋላ ጠፋ። ሐምሌ ገባ፣ የለም። ጠዋት ጠዋት ደመናው በበደሳ በኩል ይከመርና እኩለ ቀን ላይ ይበተናል። የመንገዱ አቧራ መኪና ባለፈ ቁጥር እየተነሣ ማሳው ላይ ይተኛል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ወደ ማሳው ስመለከት ማሽላው ሌላ ሆኖ አየሁት። ሰፊው ቅጠል ሁሉ ተጠቅልሎ እንደ መቃ ቀጥኗል። የሞተ መሰለኝና ሮጬ ለአዴ ሞሚና ነገርኳቸው። እሳቸው ከተቀመጡበት እንኳ አልተነሡም። ፀሐይ ስትበረታ ሰው ነጠላውን ሰብስቦ ጥላ እንደሚፈልገው ነው፣ ማሽላ እግር የለውም፣ ባለበት ይሰበሰባል አሉኝ። አመሻሽ ላይ ሄደህ እየው አሉ። አመሻሽ ላይ ሄድኩ። እውነትም ቅጠሉ ተዘርግቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ልጅ ነኝና እኔ የራሴን ምክንያት አገኘሁ። አጎቴ ይልማ የስፌት መኪናውን አቁሞ ለምሳ የሚነሣው ቀትር ላይ ነው፤ በሬውን ለማየት ብሎም ወደ አዴ ሞሚና የሚወርደው በዚያው ሰዓት ነው። ሲመጣም ወሬው አንድ ነው፤ ማሽላው ታጭዶ ለበሬው ይሰጥ ይላል። ማሽላው እሱን ሲያይ ይጠቀለላል፣ እሱ ሲሄድ ይከፈታል ብዬ አመንኩ። ለዘሃራ ብነግራት እሷም አመነች። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ ሁለታችንም ማሳው ዳር ቆመን በሹክሹክታ «ሄዷል፣ ሄዷል» እንል ነበር። ማሽላውም ይከፈትልናል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አጎቴን ክፉ አታድርጉት። ዳለቻ የጎድን አጥንቱ መቆጠር ጀምሮ ነበር። የቆየው ደረቅ አገዳ አለቀ፣ ገበያ ላይ መኖ የለም። ከሚኤሶ በኩል የሚመጡት ሰዎች ከብት እየወደቀ ነው ይሉ ነበር። እናቴ ያላትን ሁሉ በዚህ በሬ ላይ አድርጋለች። ማሽላው ደርቆ ቅጠሉ አቧራ ሳይሆን አሁኑኑ ቢታጨድ በሬው ይተርፋል፤ ቢጠበቅና ዝናብ ቢቀር ግን በሬውም ማሽላውም አይኖርም። የአጎቴ ነገር ይኸው ነው። አዴ ሞሚና በበኩላቸው ማሽላው ከታጨደ ክረምቱ ካለፈ በኋላ እኔና ልጄ ምን እንበላለን ይላሉ። ደግሞም ውሃ የተጠማ ማሽላ ይቆጣል፣ እርጥቡን የበላውን ከብት ይገድላል አሉ። በልጅነታቸው የአባታቸው ላም እንደዚያ ሆና ወድቃለች።

አጎቴ ሳቀ። «ማሽላ የሚቆጣበት ምን አለው፣ አዴ?»

«አንተ ቆይና እይ» አሉት። አዴ ሞሚና በአማርኛ ሲናገሩ ለሁሉም ሰው አንተ ነበር የሚሉት፤ ለቄሱም ቢሆን። ቅር የሚለው ሰው አልነበረም።

እሳቸው ዝናብ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበሩ። አንድ ጠዋት ጉንዳኖች ነጫጭ እንቁላላቸውን ተሸክመው በግድግዳው ላይ ወደ ላይ ሲወጡ አሳዩን። ውሃ እንደሚመጣ አውቀው ነው የሚሸሹት አሉ። ዘሃራና እኔ ያን ቀን ውጭ ያለውን እንጨት ሁሉ ወደ ቤት አስገባን። ጠብታ አልወረደም። በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም። አጎቴ ቀትር ላይ ሲመጣ ሰላምታ ሳይጨርስ «ጉንዳኖችዎ የት ደረሱ፣ አዴ?» ይላቸው ጀመር። እሳቸውም አላፈሩም፤ ጉንዳንም እንደኛው ነው፣ ይሳሳታል አሉት።

በዚህ መሀል ረመዳን ገባ፣ ቀጥሎ ፍልሰታ። አዴ ሞሚና ከንጋት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ይጾማሉ። ዘሃራ እስከ ቀትር ትሞክርና ቀትር ላይ ውሃ ጋን አካባቢ ትጠፋለች። እኔ ፍልሰታን የምጾመው ቅዳሴ እስኪወጣ ነበር፤ እናቴም አጎቴም ያው። ሁላችንም አፋችን ደርቆ፣ ቁጣችን ቀርቦ ነበር።

በመጨረሻ እናቴ ራሷ ወረደች። ብዙ ጊዜ አትመጣም ነበርና አዴ ሞሚና ቆዳውን አንጥፈው አስቀመጧት። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አዴ፣ ያንቺን ልጅ አስርቤ የኔን በሬ ላብላ አልልም፣ ግን በሬው ሲሞት ቁጭ ብዬ ማየትም አልችልም አለች። አዴ ሞሚና ዞር ብለው ማሳውን አዩ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ። ማሽላ በቀትር ቢጠቀለል ጤናው ነው። አመሻሽ ላይ ካልተከፈተ ደክሟል። ሌሊቱን ሙሉ አርፎ ጎህ ሲቀድም ካልተከፈተ ግን ማንም አያድነውም። ስለዚህ ነገ ጎህ ሲቀድ አብረን እንየው፤ ያልተከፈተውን ይልማ ይጨደው፣ የተከፈተውን ማንም አይንካብኝ አሉ። እናቴ ተስማማች። አጎቴም ማጭዱን ሊስል ሄደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አጎቴ ራሱ ሊመጣ ነው፤ ማሽላው እሱን ሲያይ መጠቅለሉ የማይቀር ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይታጨዳል ማለት ነው። ይህን ለማን እናገራለሁ?

ማለዳ ገና ሰው በቅጡ ሳይለይ ማሳው ዳር ቆምን፤ አዴ ሞሚና፣ አጎቴ፣ ዘሃራና እኔ። እኔ ከአጎቴ ፊት ፊት እየሆንኩ ልሸፍነው እሞክራለሁ። አንት ልጅ ከእግሬ ሥር ውጣ ይለኛል። ብርሃኑ ትንሽ ሲጨምር አየን። ከታች በኩል፣ ከወንዙ ጋ፣ ማሽላው ተከፍቷል። ከላይ፣ ድንጋያማው በኩል፣ እንደተጠቀለለ ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ ግማሹ ተከፍቶ ግማሹ ተዘግቶ ቆሟል።

አጎቴ ማጭዱን መሬት አስቀመጠ። ልብስ ሰፊ አይደል፣ ቅጠሉን እንደ ጨርቅ በሁለት ጣቱ መሀል አድርጎ ማሸት ጀመረ። ይሄኛው ልስልስ ነው፣ ይሄኛው ይንኮሻኮሻል እያለ ከረድፍ ረድፍ ሄደ። አዴ ሞሚና ከኋላው እየሄዱ ያዩታል። ከላይ ካሉት አንዳንዶቹን ሊያተርፉ ፈልገው ነበር፤ እሱ እየነካ አሳያቸው። እሳቸውም ነክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይልማ እውነቱን ነው» አሉ። እንዲህ ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው። የላዩን አጨደ፣ የታቹን ተወ፤ መሀሉንም ተወ። እኔ የገረመኝ ሌላ ነበር፤ ማሽላው አጎቴን አይቶ እያለ አልተጠቀለለም። ዘሃራ ማጭዱን ስላስቀመጠ ነው አለችኝ። አመንኳት።

አሁን ዳለቻ ይበላል ብዬ ደስ ብሎኝ እቅፍ ሙሉ ይዤ ስሮጥ አዴ ሞሚና ክንዴን ያዙኝ። ጣሪያው ላይና ደጁ ላይ በፀሐይ ተሰጥቶ ሳይደርቅ አንድ ቅጠል እንዳይቀምስ አሉ። ቁጣው በፀሐይ ይወጣል አሉ። በሬው እርጥቡን ማሽላ አሸተተ። አፍንጫው ይሰፋል፣ ምላሱ ይወጣል፣ ገመዱን ይጎትታል፣ ያገሳል። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል፤ እሱ ግን አይሰጠውም። ቀኑ አልፎ ሌላ ቀን መጣ፣ አሁንም ቅጠሉ በፀሐይ ይገለባበጣል እንጂ አይሰጠውም። እጄን ሲያሸት ባዶ ሲሆንበት ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ከዚያ ግን ገባኝ። ዳለቻ እየጾመ ነው። ታዲያ የትኛውን? ለዘሃራ በግልጽ ነገርኳት፤ ቅዳሴ ወጥቶም ስላልተሰጠው ፍልሰታ አይደለም። እሷ በድል ፊቷ በራ። ቅጠሉ ደርቆ አዴ ሞሚና መስጠት ሲጀምሩም ያረጋገጠልን ነገር መጣ፤ የሚሰጡት ፀሐይ ዘቅዝቃ ጥላው ሲበርድ፣ መግሪብ አካባቢ ነው። ለካ ከብት በሙቀት ሰዓት ደረቅ መኖ አይወድም። እኛ ግን ያን አናውቅም። ዳለቻ እስከ ጭራው የእሷ ሆነ። ከልቤ አዘንኩ፤ እናቴ ስታየኝ ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

ዝናቡ የመጣው ማንም ሳይጠብቀው ነው። ጉንዳን አልወጣ፣ ደመና አልተከመረ። ቀትር ላይ ዳለቻ ተነሥቶ ቆመ፤ አፍንጫውን ወደ በደሳ ሰቅሎ ላንቃውን ከፍቶ አየር ይስባል። ውሃ ባቀርብለት አልነካም አለኝ። አጎቴ በሬው ታመመ አለ። አዴ ሞሚና መጥተው እሱ ወደሚያይበት አዩ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የተሰጣውን ቅጠል ቶሎ ቶሎ መሰብሰብ ጀመሩ። ሰብስበን ሳንጨርስ ነፋሱ ተገለበጠ። የረጠበ አፈር ሽታ ደረሰን፣ ከኋላው ዝናቡ። አጎቴ ለምሳ እንደወጣ ቀርቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ኮቱን በራሱ ላይ አድርጎ። በማግስቱ አሸን ከመሬት እየፈላ ወጣ፤ ከስንት ክንድ አፈር ሥር ሆኖ እንዴት እንደሰማ እንጃ።

የተረፈው ማሽላ ቀትር ላይም መጠቅለሉን ተወ። ከሁሉ የሚገርመው ግን የታጨደው ነው። ከየጉቶው ሥር አዲስ ቡቃያ ወጣ፤ ለስላሳ፣ ለዓይን የሚያሳሳ አረንጓዴ። አጎቴ ይህን ሲያይ እጁን ሰደደ፣ በእርግጥም ለዳለቻ ሊወስድለት። አዴ ሞሚና እንዲህ ያለው ከሁሉ የከፋ ነው፣ መቆረጡን ገና አልረሳም፣ ወገብ እስኪያልፍ ወደሱ የሚሄድ ከብት የኔ አይደለም አሉት። አጎቴ እጁን መለሰ።

ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ዝናቡ ማሽላውን እንዳጠጣ ሁሉ ችካሉ የተተከለበትንም መሬት አልፈስፍሶት ኖሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ስንወርድ የዳለቻ ቦታ ባዶ ነበር። ገመዱ ጭቃው ላይ መስመር ሠርቶ ወደ ቤቱ ጀርባ ይሄዳል። እናቴ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። አዴ ሞሚና ጩኸቷን ሰምተው ወጡ፣ ዘሃራ አጎቴን ልትጠራ ወደ ከተማ በረረች። ዳለቻ ችካሉን እየጎተተ ሄዶ፣ ድንጋያማው ላይ፣ ከቡቃያው መሀል ቆሟል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያሸታል፤ ይተነፍሳል፤ እንደገና ያሸታል። አዴ ሞሚና በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ኮቱ»፣ ና ና፣ እያሉ ቀስ ብለው ቀረቡና ገመዱን ያዙ። እሱም እንደታዘዘ ልጅ ተከተላቸው።

ጥያቄው አንድ ነበር፤ በልቷል ወይስ አልበላም? አጎቴ እያለከለከ ደረሰ። የመለኪያው ክር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የዳለቻን መንጋጋ በሁለት እጁ ከፈተ፣ አዴ ሞሚና ወደ ውስጥ አዩ። ምላሱ ላይ ምንም የለም። በከንፈሩ ማዕዘን ግን አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፋ ነበር። አሽትቶ የነካት ትሁን ከብዙው የተረፈች ማን ያውቃል።

እናቴ ምን ይደረግ አለች። አዴ ሞሚና ምንም አይደረግም አሉ። የበላ ከሆነ ቶሎ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ካልሆነ ተኝቶ ያመሰኳል። የታመመ በሬ አያመሰኳም። ስለዚህ ደጁ ላይ ከበነው ተቀመጥን። አጎቴ በእጅ ስለለመደ ነው፣ የሚያጎርሰው ሰው ሲያጣ ቆሞ ቀረ አለ። አዴ ሞሚና አፍንጫው ነግሮት ይሆናል አሉ። ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም፣ ድምፃቸው ያስታውቃል። እናቴ የበሬውን ጉልበቶች ብቻ ታያለች። ፀሐይዋ ወረደች። ዳለቻ ጉልበቱን አጥፎ ተኛ፤ እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ወድቆ ይሁን ተኝቶ አልለየንም።

ከከተማው የመግሪብ አዛን ተሰማ። ዘሃራ ለእናቷ በጣሳ ውሃ አመጣችላቸው። አዴ ሞሚና ተቀበሉ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ ግን ጣሳውን ወደ አፋቸው አልወሰዱም። በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ከበሬው አልነቀሉም። ዘሃራ እማ ጠጪ እንጂ አለች። አልሰሟትም።

ዳለቻ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ። በአንገቱ ላይ አንዲት እብጠት ከታች ወደ ላይ ስትወጣ አየን። ከዚያ መንጋጋው ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ።

አዴ ሞሚና ውሃቸውን ጠጡ።